ኩባዊው ሠዓሊና የለቅሶ ነጠላዎቹ

የበደለኝ አንድ ኩባዊ ሠዓሊ ነው፤ ጊዜውም በደርግ ዘመን፣ የአብዮት በዓል ሊከበር ጥቂት ሲቀረው። ስሙን አልጽፍም፤ ወረቀቴን አላበላሽበትም።

ቦሌ፣ ከባለቤቱ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ለበዓሉ ትልልቅ ሥዕሎች እንሠራ ነበር። እሱ አለቃ፣ እኔ ረዳቱ። ሃቫና ሄጄ ሥዕል እንድማር ሊመሰክርልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከዚያ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝምና ብሩሹን አጠብኩለት፣ ታሪኩንም ሰማሁለት። አባቱ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበር። አብዮቱ ትምህርት ቤት አስገባው፤ መንግሥት ደመወዝ ቆረጠለት፤ ከዚያ የሃቫናን ግድግዳ ሁሉ እሱ ሣለው። እውነቱን የሰማሁት የአገሩ ሰዎች ሲስቁበት ነው፤ ሥራው የአረቄ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መሣል ነበር። ሥራው ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ለመንገድ በሚሰቀለው ሥዕል ላይ በደስታ የሚዘምሩ ሴቶች ነበሩ። የሁሉንም ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገታቸው ዙሪያ አዙሮ ሣለው።

«ጓድ፣ እንዲህ የሚለበሰው ለቅሶ ላይ ነው» አልኩት።

«ቀለሙ ፊታቸው አጠገብ ሲሆን ያምራል» አለኝ። «አንቺ ልብስ ታያለሽ፣ እኔ ሥዕል አያለሁ።»

ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡ እንግዶች እንዲያዩት ተሰቀለ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አንገቷን አስግጋ፣ «ውይ፣ እግዜር ያጽናቸው! ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «ዝም በይ እቴ፣ አንቺንም እንዳያስለቅሱሽ» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በዓሉን የሚያዘጋጀው ቢሮ ካድሬ ከምሳ በፊት ቪላው ደረሰ። «አብዮቱ ሞቷል ነው የምትሉን? ማነው እነዚህን ለቅሶ ያስቀመጣቸው?»

ኩባዊው ወደ እኔ ጠቆመ። በተሰባበረ አማርኛ፣ «ልብሱን የምታውቀው እሷ ናት። የጠየቅኩት እሷን ነው» አለ።

እንግዳ አይዋሽም ተባለ። መሰላል ላይ ወጥቼ ነጠላውን ሁሉ እኔው አስተካከልኩ። ሃቫና መሄዱም ቀረብኝ፤ በእኔ ምትክ የካድሬው የእህት ልጅ ሄደች። እርሳስ እንኳ በወጉ አትቀርጽም ነበር።

አገሩ ሊመለስ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። «ተሰጥኦ አለሽ፣ ሥዕሉን እንዳትተዪው» ብሎ ብሩሾቹን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። በዚያው ሳምንት በብሩሾቹ የግቢያችንን ቆርቆሮ አጥር አረንጓዴ ቀባሁ።