አሪቲ የከበበው መደብ

ዝናብ ካባራ በኋላ የአሪቲ ሽታ ድንገት ሲያውደኝ፣ ሌላው ሰው «እንዴት ደስ ይላል!» ይላል፤ የኔ ልብ ግን ድው ድው ማለት ይጀምራል።

አባቴ ሰይድ፣ መርሳ ከተማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር የፓፓያ፣ የማንጎና የአበባ ችግኝ እየሸጠ ነበር የሚያሳድገን። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቦታውን እንዲለቅ በተነገረው ዓመት፣ ወልድያ ላይ የአበባ ትርኢት ሊደረግ መሆኑ ተሰማ። ችግኝ ሻጭ ሁሉ ሜዳው ላይ ትንሽ የአበባ ግቢ ይሠራል፤ አንደኛ ለወጣው መናኸሪያው አጠገብ መሸጫ ቦታ ይሰጠዋል። እኛ ሌላ መሄጃ አልነበረንም።

ክረምቱን ሙሉ አባቴ እንቅልፍ አልነበረውም። በረዶ የጣለ እንደሆነ ጋቢውን ከላያችን ገፎ ጽጌረዳዎቹን ያለብሳቸው፣ ሲነጋ ደግሞ እንቡጦቹን ጎንበስ ብሎ እያየ «ይደርሱልኝ ይሆን?» እያለ ብቻውን ያወራ ነበር። እናቴ ዘይነባ «አንተን እያዩ ነው የሚሳቀቁት፤ እስቲ ራቅ በልላቸው!» ብላ ታሾፍበት ነበር፤ እሷም ግን ከሰላት በኋላ ዱዓዋን የምታስረዝመው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ጭንቀታቸው ተጋብቶብኝ፣ ደመና በጠቆረ ቁጥር ጋቢውን ይዤ ደጅ እቆም ነበር።

መስከረም ሲጠባ ችግኙን በአይሱዙ ጭነን ወልድያ ገባን። አባቴ ድንጋይ ደርድሮ መተላለፊያ አበጀ፣ ጽጌረዳውን መሐል ላይ ተከለ፣ ዳሩን ባዶ ሊተወው ሲል ግን እናቴ ሳቀችበት። «አሪቲ የሌለበት ግቢ ምኑን ግቢ ሆነው?» ብላ ከጓሯችን ነቅላ ያመጣችውን አሪቲ ዙሪያውን እንደ መቀነት አዞረችበት። እውነትም አማረ፤ አባቴ በዚያ ዓመት ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ የትርኢቱ ቀን ደረሰና ከግራና ከተማ፣ ከሐራም ሳይቀር ሰው ጎረፈ። ዳኞቹ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛ አገር ደግሞ አሪቲ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቅንጥብ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ ከጆሮው ወይም ከፀጉሩ ይሰካል፤ ይህን ስርቆት የሚለው የለም። አንዷ ቀነጠበች፣ ሌላው ተከተለ፣ የወዲህኛው ዳር ሲያልቅባቸው በወዲያ ያለውን ፍለጋ የጽጌረዳውን መደብ እየረገጡ ወደ ውስጥ ገቡ። እጅ በተዘረጋ ቁጥር የአባቴ ፊት አመድ ይመስላል፣ አፉ ግን «ይውሰዱ እማዬ፣ ይውሰዱ» ይል ነበር።

እኔ አልቻልኩም። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ሲያጎነብሱ ከፊታቸው ተገትሬ «አይንኩብን! ዳኞች ይመጣሉ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ።

«ዝም በይ! በአሪቲ ሰው ይከለከላል እንዴ?» አለኝ። ከዚያም ከተረፈው ውስጥ ደህናውን ራሱ ቀንጥቦ «ይቅር ይበሏት አባቴ፣ ልጅ ናት» ብሎ ሰጣቸው።

«አላህ ይጨምርልህ ልጄ» ብለው ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሄዱ።

ዳኞቹ ሲደርሱ ያገኙት ጉቶና የተረገጠ አፈር ነበር፤ ብዙም አልቆሙ። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። ወደ መርሳ ስንመለስ እናቴ በሻሿ ዓይኗን እየጠረገች «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል፣ አባቴ «አብሽሪ» ብቻ አላት። ከዚያ ወዲያ ችግኙን ገዢ ከማያየው ከጓሯችን መሸጥ ጀመርን፤ በጋው ሳያልፍም ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ሐራ ወረደ።

ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው። አበባ በሚታይበት ሜዳ ሁሉ ዙሪያውን ገመድ ይታሰራል፤ ሰው ከገመዱ ወዲህ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ እጁን የሚዘረጋ የለም፣ አበባውም እንዳማረበት ይመሻል። ያኔ ገመድ ቢኖረን ኖሮ ቦታውን፣ ምናልባትም የወንድሜን ትምህርት እናተርፍ ነበር። አባቴ ግን ገመዱን በእጁ ቢሰጡት እንኳ የሚያስረው አይመስለኝም። እኔ ብሆን አስረው ነበር፤ ይህን ማወቄ ደስ አይለኝም።