የአሳማው ጣፊያና የተራራው መንገድ

አጎቴ ሃልቫር ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። አርባውን ዓመት ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲጥል ኖሯል፤ ጉልበቱ ዛሬም አይታማም፤ በረዶ መቼ እንደሚጥል ግን አያውቅም። ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው በመንደራችን የለም። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ አሳማውን ያርዳል። ሚስቱ ሲግብሪት ጣፊያውን ሳህን ላይ አጋድማ ታቀርብለታለች፤ እሱ መነጽሩን ያደርግና የሚመጣውን የበረዶ ወቅት ያነብበታል። ወደ ምድጃው ያለው ጫፍ መጀመሪያው ነው፤ ወደ በሩ ያለው መጨረሻው። በወፈረበት በኩል በረዶ ይበዛል፤ በቀጠነበት በኩል ይሳሳል። ከዚያ የመንደሩ ሰው ሲደውልለት ስልኩ አያርፍም።

"ሃልቫር፣ የበረዶ ጎማ ልቀይር ወይስ ልቆይ?"

ሲሳሳት የሚሰደበው ግን እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የበረዶ መጥረጊያውን መኪና የምነዳው እኔ ነኛ!

እውነቱን ለመናገር የስልኬ ትንበያም ብዙ አይሻልም። ተራራችን ላይ ነገር ሁሉ የሚወሰነው በአንዲት ዲግሪ ነው፤ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ካለ ዝናብ፣ ትንሽ ዝቅ ካለ እስከ ወገብ በረዶ። "ሁለት ሴንቲ" ብሎኝ ሠላሳ የጠረግሁበት ቀን ስንት ነው! ቢሆንም ስልኩ ቢያንስ ሐሳቡን ይቀይራል። አጎቴ አንዴ ካነበበ አበቃ።

ዘንድሮ ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ሲግብሪት በበጋ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከተራራው ማዶ ያለው ማገገሚያ ቤት ተኝታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቤቷ ገብታ ገናን ከባሏ ጋር ማሳለፍ። የሕመምተኛ መኪናው ሁለት ቀን አስመረጣቸው፤ ወይ ኖቬምበር አጋማሽ፣ ወይ ዲሴምበር ሃያ ሦስት። ሃልቫር ጣፊያውን ራሱ ሳህን ላይ አጋድሞ አነበበና ደወለልኝ።

"ኖቬምበር አይሆንም። መጀመሪያው ክንዴን ያህላል። በዚያ ዳሌዋ በረዶ መሀል ብትቀርብኝስ? ዲሴምበር ግን ቀጭን ነው።"

"አጎቴ፣ መንገዱ ደረቅ ነው እኮ! ዛሬ ነድቼበታለሁ። ሰው ደረቅ መንገድ ትቶ የአሳማ ሆድ ዕቃ ያምናል?"

"አንተ ስልክህን እመን። እኔ አርባ ሦስት ዓመት አንብቤያለሁ።"

"ግማሹን ተሳስተሃል!"

"ግማሹን አግኝተሃል በለኛ!" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ኖቬምበር አንዲት ብናኝ ሳይጥል አለቀ። በየቀኑ ባዶውን መንገድ እየነዳሁ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ዲሴምበር ሃያ ሁለት ጠዋት ስልኬ "ቀላል በረዶ" አለ፤ እስከ ምሳ ሰዓት መንገድ ዳር የቆሙት የፖስታ ሳጥኖች በበረዶ ተቀብረው ነበር። በማግስቱ የተራራው መንገድ ተዘጋ፤ የሕመምተኛ መኪናውም ቀረ። የሚያልፈው የእኔ መጥረጊያ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በመሰላል የሚወጡበት ነው፤ ሲግብሪትን የማመጣበት መንገድ አልነበረኝም። ሃልቫር ግን የገና ሥጋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ።

"ውሰደኝ" አለ።

መንገዱን ሁሉ ተነጫነጭኩበት። ስንት ጊዜ "ነግሬህ ነበር" እንዳልኩት እንጃ። እሱ የሥጋውን ጥቅል አቅፎ መንገዱን ያያል፤ ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ሲግብሪት ካፖርቷን ለብሳ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። መኪናው እንደማይመጣ ጠዋት ነግረዋታል፤ ካፖርቷን ግን አላወለቀችም።

"ተሳሳትኩ" አለ ሃልቫር በሩ ላይ እንደቆመ። "ወፍራሙ ጫፍ ወደ ምድጃው ነበር። ልክ አንቺ እንደምታስቀምጪው ነው ያስቀመጥኩት።"

"እኔ እንዴት ነው የማስቀምጠው?"

"ሁልጊዜ እንደምታደርጊው ነዋ።"

ሲግብሪት ሳቋ አመለጣት። "አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ እንደፈለግኩ ነበር የማዞረው። ጣሪያው ሳይጠገን ሲቀር ወፍራሙን ወደ ምድጃው አደርገዋለሁ፣ ፈርተህ እንድትወጣበት። እንጨቱ ካልተፈለጠም ወፍራሙን። እህቴ ጋ መሄድ ሲያምረኝ ቀጭኑን። ጣፊያ ስለ በረዶ ምን ያውቃል?"

ሃልቫር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ የሳቅኩበት እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ፊቱን ማየት ከበደኝ። የሥጋውን ጥቅል ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ዘንድሮ አንቺ ብትኖሪ የቱን ወደ ምድጃው ታደርጊ ነበር?" አለ።

ሲግብሪት የካፖርቷን ቁልፎች መፍታት ጀመረች።

"ዘንድሮማ ቀጭኑን" አለች። "በኖቬምበር ወደ ቤቴ እንድታስመጣኝ።"