ጨጓራ ነው አልኋቸው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ቅዳሴ አርፍጄ መድረሴን ሁሉ ሳልደብቅ ተናዝዣለሁ። ይህኛውን ግን ምላሴ ላይ ካደረስሁት በኋላ መልሼ እውጠዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ቄስ አይደላችሁም፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ልትሉኝ አትችሉም። ለእናንተ መናገር የደፈርሁትም ለዚሁ ይመስለኛል።

የምኖረው ጀርመን ነው። ሥራዬ የካንሰር ምርምር ነው፤ በተለይ የጉሮሮና የጨጓራ ዕጢ። በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሴሎች መልእክት ይላላካሉ፤ አንዱ «ተባዛ» ይላል፣ ሌላው «በቃህ» ይላል። ካንሰር በሆነው ሴል ውስጥ «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ የሚያቆመው ያጣል። እኔ የማጠናው ያ ትእዛዝ በየት በየት እንደሚያልፍና የት ላይ ሊዘጋ እንደሚችል ነው። የምንመራመርባቸው ሴሎች ከሰው ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። ሰውየው ከሞተ በኋላም እነሱ በሰሃን ላይ ይኖራሉ። በየጥቂት ቀኑ ቀላ ያለ ፈሳሽ እንቀይርላቸዋለን፤ ይህንንም «መመገብ» እንለዋለን።

ያሳደጉኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እታታ ነበር የምላቸው። ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ዘራቸው ከአዊ ስለሆነ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከሕመማቸው ጋር ግን በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። እናቴ ስትሞት ከገዛ ልጃቸው ከእናና ጋር በአንድ ጋቢ ሸፍነው ያስተኙኝ እሳቸው ናቸው። ፍኖተ ሰላም ስማር ስንቄን ለአውቶቡስ ረዳት አደራ እየሰጡ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ረዳቱ ሲዘገይ የሚሳደቡትን ስድብ አሁንም እሰማዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም አጭር ፈቃድ አግኝቼ ሄድሁ። ዛሬ ያ መንገድ እንደ ልብ አይኬድበትም፤ ያኔ ግን ሰላም ነበር። ጠዋት ከቡሬ የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን ባሕር ዳር ይገባል። ይህን የምናገረው መንገድ አጥቼ ነበር እንዳልል ነው።

እታታ ከስተው ነበር። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም ይላል። እንጀራ ትተው በተልባና በበሶ ጥብጥ ብቻ ይውላሉ። ሀገሬው ግን ጾም አጠበቁ ብሎ አመሰገናቸው እንጂ ምን ነካቸው ያለ የለም። አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ ሙላት ገና ከበሩ ሳይገቡ ጀመሩ።

«እኒህ ሴትዮ ቆብ ሳይደፉ መነኑኮ! እኛን ገሃነም ጥለው ብቻዎን ሊጸድቁ ነው?»

«አንተ የሁለት ሰው ስለምትበላ የኔን ድርሻ ልተውልህ ብየ ነው» አሉ እታታ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

አያ ሙላት ከሄዱ በኋላ እታታ ትንሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅሰው ጎረሱ። አላመጡ፣ አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደፊት አስረዘሙ፤ ውኃ ተጎነጩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው ጉርሻውን በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉት። ያንን አንገት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ደረቁ እህል እምቢ ይላል፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውኃው። ሰው ሁሉ ጾም ያየበት ላይ እኔ ዕጢ አየሁ። እኔ ብቻ አየሁ።

ልሄድ ስል፣ ከሆሳዕና በፊት ነው፣ ጓሮ ከጌሾው ሥር ብቻችንን ተቀመጥን። እጄን ያዙና ደረታቸው ላይ አኖሩት።

«እዚህ ላይ ይይዘኛል። እህሉ አልወርድ ብሎ ቆሞ ይቀራል። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም፤ እናና ትጨነቅብኛለች። ሥራሽ እንዲህ ያለው ነገር ላይ ነው አሉ። ምንድን ነው ልጄ?»

እጄ ከደረታቸው ወደ አንገታቸው መውጣት ነበረበት። ክፉው ነገር ተሰራጭቶ ከሆነ እብጠቱ እዚያ ሊዳሰስ ይችላል። አላወጣሁትም። ነክቼ እውነቱን እንዳላውቅ ብየ እጄን ሰበሰብሁ። ሳያውቁ መበደል አለ፤ ላለማወቅ ብሎ መበደልስ ምን ይባላል?

«ጨጓራ ነው እታታ» አልኋቸው። «ሆድዎ ባዶ እየዋለ ነው። ጾሙ ሲፈታ ይሻልዎታል።»

«ተመስገን! እኔማ ክፉ ነገር መስሎኝ» አሉና እጄን አገላብጠው ሳሙት። «ታዲያ ፋሲካን ሳንፈስክ ነው የምትሄጅው?»

«ሥራ አለብኝ።»

ሥራ አለብኝ አልሁ። ምን ሥራ? ብዙ ወራት የደከምሁበት ሙከራ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች በዚያው ጥያቄ ላይ እንደደረሱ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነቱን ብናገር እታታን ይዤ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ልመላለስ ነው፤ ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሊሆን ነው። ሴሎቹን ባልደረባዬ ልትመግብልኝ ትችል ነበር፤ ፈቃደኛም ነበረች። ግን ውጤቱ ሲገኝ ከፊት የሚጻፈው ስም የኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። እኔ፣ እህል አልወርድ ያላቸውን እናቴን ትቼ፣ የማላውቀውን ሰው ዕጢ ልመግብ ሄድሁ። ይኸው ነው ሥራዬ።

ፋሲካ አልፎ እናና ደወለች። እናቷ ጾሙን ሲፈቱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ይዘው ወደ ጓሮ እንደሮጡ ነገረችኝ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው እሽ አይሉም። የተማረችዋ ልጄ አይታኛለች፣ ከሷ የሚበልጥ ሐኪም ከየት ታመጡልኛላችሁ ነው የሚሉት። ግን ጨጓራ ብቻ ነው አይደል? አንች ካልሽ እናምናለን።»

እግዚአብሔር ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። ምን መለስሁ?

«ለማንኛውም አንድ ቀን ብትወስጃቸው ጥሩ ነው።»

ለማንኛውም! «ዛሬውኑ» ማለት ማን ከለከለኝ? «ዛሬውኑ» ብላት ግን «ለምን፣ ምን አይተሽ ነበር?» ትለኛለች። ሐሰቴ እንዳይገለጥ ቃሌን አለሳለስሁት። እኔ ያደግሁበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ እርሻ ሊጀመር በተቃረበበት ወቅት «ለማንኛውም» ማለት ሥራ ሲቀል ማለት ነው። እንደዚያም ሆነ። በቆሎው ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ እናና እጇ ሲፈታ ነው እታታን ፍኖተ ሰላም የወሰደቻቸው። እዚያ ውለው ሳያድሩ ወደ ባሕር ዳር ላኳቸው። ባሕር ዳር ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል ተባለ።

በስልክ አገናኙኝ። ድምፃቸው እንደ ወረቀት ስስ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሳይሳሳቱ አልቀሩም» አሉኝ። «አንችማ ነግረሽኝ ነበር።»

«አይዞዎት እታታ» አልሁ። በመጨረሻ ውኃም አልወርድ ብሏቸው፣ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

በስልክ እያለቀሰች ያጽናናችኝ እናና ናት። «አንች አጠገባቸው ብትሆኝ ኖሮ አይሞቱም ነበር» አለችኝ። አጠገባቸው ነበርሁኮ! እጄ ደረታቸው ላይ ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኋት። ዛሬም የታመመ ሰው ሲኖር ደውላ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እንደ ደህና ሰው እመልስላታለሁ።

ጥናቱ ወጣ። ስሜ ከፊት ተጻፈ። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ፤ እኔም አሜን አልሁ።

ለንስሐ አባቴ የማልነግረው ቅጣቱን ፈርቼ አይደለም። ስገጅ ቢሉኝ እሰግዳለሁ፤ ጹሚ ቢሉኝ እጾማለሁ። የምፈራው ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ነው፤ «ተፈቶልሻል» ይሉኛል። እታታም በሕይወት ኖረው ብነግራቸው ሳልጨርስ «ተይው ልጄ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይህ አያጽናናኝም። እንዲህ ያሉ ሴት መሆናቸውን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

አንዳንድ ቀን የምርምር ሰው ነኝና በሙያዬ አስባለሁ። ሰው መዋጥ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ በሽታው ሥር ሰዷል። ምናልባት ያኔም ዘግይቶ ነበር፤ ምናልባት ባሕር ዳር ብወስዳቸውም መጨረሻው ያው ነበር። ይህች «ምናልባት» ስንት ጊዜ ልታስተኛኝ ሞከረች! እናንተም ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። አትበሉኝ። ያኔ መዘግየቱን አላውቅም ነበር፤ እንዳላውቅም እጄን ሰብስቤያለሁ። ትቻቸው የሄድሁት አይድኑም ብየ አይደለም። ሊድኑ ይችሉ ይሆናል ብየ እያሰብሁ ነው ትቻቸው የሄድሁት።