ወፍ የለኝም ያለችው ዘርፉ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያለ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በዘርፉ ሆራ ስም ተሰይሟል። ዘርፉ ግን ማንበብም መጻፍም አታውቅም ነበር። አዲስ ተማሪዎች «ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ የሚነገራቸው በ፲፱፻፳ ዓ.ም. በአዳማ የተቀመጠው አውጫጭኝ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ወንጀለኛ የሚያወጣበት ሸንጎ፣ ታሪክ ነው።

ዘርፉ ባሏ የሞተባት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዳቦ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ወሬ ትወዳለች፤ ወሬኛ ግን አትወድም። ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ «እንዲህ ሆነ» ካላት፣ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብላ ታፋጥጠዋለች። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ሰው ይሸሻት ነበር።

በዚያ ዓመት ጨው ነጋዴው አብዱናሲር ወደ ሁሩታ እንደወጣ ቀረ። በቅሎው ኮርቻዋ ሆዷ ሥር ዞሮ ብቻዋን አዋሽ ዳር ተገኘች። «ተገድሏል» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያይ ጀመር። ውሎ ሳያድር የሁሉም አፍ አንድ ስም ያዘ፤ ጆቴ። ጆቴ የጣቢያው ኩሊ ሲሆን በጨው ጭነት ከነጋዴው ጋር ተጣልቶ ነበር።

የአገሩ ሹም ግራዝማች ገሠሠ ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰበሰቡ። ገዳዩ እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። በደንቡ ሁሉም እየማለ የሰማውን ሲናገር «ወፌ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

«ወፌ ጆቴ ነው ብላኛለች» አለ መርዳሳ የሚባል ገበሬ። ከእሱ በኋላ የቆሙትም ያንኑ ደገሙ። ተራው ዘርፉ ላይ ደረሰ።

«አንቺስ፣ ወፍሽ ምን አለችሽ?» አሏት ግራዝማች።

«ወፍ የለኝም፣ ጌታዬ።»

«አገር የሰማውን አንቺ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ አላየሁም። ያየ ካለ ይቁምና ልጠይቀው።»

ንዋይ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ተነሣ። «እኔ አይቻለሁ! ሰውዬው የጠፋ ዕለት፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ጆቴ ጋቢው ደም ነክቶት ከአዋሽ ሲመጣ።»

«ረቡዕ ባቡሩ ተበላሽቶ ቆሞ ጆቴ እስኪመሽ ዕቃ ሲያወርድ ነበር» አለች ዘርፉ። «ምሳውን የበላው እኔ ጋ ነው።»

ንዋይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ግን ወደ እሷ ዞረ። «ምን ቢያጎርሳት ነው?» «አብራው ብትሆንስ?» ተባለ። እሷና ጆቴ በአንድ ሰንሰለት ታሰሩ። እዚያ ተቀምጣ ጆቴን በጎን ስታየው ዘርፉ ራሷ ተጠራጠረች። ከመሸ በኋላ ሄዶ ቢሆንስ? ያየችውን ግን አልለወጠችም።

ጥቂት ቀናት አልፈው አብዱናሲር በቃሬዛ ከሁሩታ መጣ። ወባ ጥሎት አንድ ገበሬ ቤት ሲታመም ከርሞ ነው፤ በቅሎዋም ገመዷን በጥሳ ጠፍታበት ኖሯል። አሁን ደግሞ ሕዝቡ ንዋይ ላይ ተነሣ።

«ያሴረው እሱ ነው! በቅሎዋንም የፈታ እሱ ነው!»

ዘርፉ ሰንሰለት የላጠውን እጇን እያሻሸች፣ «ንዋይ ዋሽቷል። ለምን እንደዋሸ ግን አላየሁም» አለች። ንዋይ ስለ ውሸቱ ተገረፈ፤ ከዚያ በላይ ማንም አልነካውም።

ጆቴ ግን ጓዙን ሸክፎ ወደ አዳሚ ቱሉ ሊሄድ ተነሣ።

«ንጹሕ መሆንህ ታወቀ እኮ፤ ምን ያስኬድሃል?» አለችው።

«ስሜን የጠሩት አብረውኝ የበሉ ናቸው፣ አዴ ዘርፉ። ከእንግዲህ እንዴት አምኜ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ?»

ዘርፉ ለመንገዱ ዳቦ ቋጥራለት እስከ ከተማው ዳር ሸኘችው።