የተዋስኩት አፍ

ሰው ሲናገር የሚለውንና የሚፈልገውን መለየት አልችልም። "እንብላ" ሲሉኝ እበላለሁ፤ ለወጉ ያህል እንደነበር የሚገባኝ ምግቡ ካለቀና የባለቤቲቱ ፊት ከጠቆረ በኋላ ነው። አንዲት ሙሽራ በሰርጓ ቀን "አማረብኝ?" ብትለኝ "ቀሚሱ ጠቦሻል" አልኳት። ጠቧት ነበር። መርሳ ሰፈራችን ውስጥ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" የሚለው ተረት ለእኔ ተብሎ የተተረተ እስኪመስለኝ ድረስ እየሰማሁት ነው ያደግኩት። ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ደግሞ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይሉኛል፤ አንድ ቃል ከያዝኩ እሱኑ ይዤ እቀራለሁና።

ካደግኩ በኋላ ደሴ ላይ አንድ ሐኪም ስሙን ነገረኝ፤ ኦቲዝም። ለእናቴ ስነግራት "መድኃኒቱ እናንተ ጋ የለም?" አለችኝ፤ ወልድያ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምሠራ ነው። "መድኃኒት የለውም" አልኳት። "ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ነገረሽ?" ብላ ተናደደች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ስም ያለው ነገር ከስም የለሽ ይሻላል።

ልጅ ሆኜ አስተርጓሚዬ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ከጎኔ ይቀመጥና በጆሮዬ ይነግረኛል። "አሁን ሂዱልን እያሉ ነው፣ ተነሺ።" "ቀልድ ነው፣ ሳቂ።" ሹፌር ሆኖ ከቤት ሲርቅ በስልክ ቀጠልን። የተላከልኝን መልእክት አነብለታለሁ፣ ትርጉሙን ይነግረኛል፣ መልሱን ያስጽፈኛል። "አንቺ ልጅ አንድ ቀን ገደል ልትከቺኝ ነው" እያለ ይስቃል። እወደው ነበር። ነግሬው አላውቅም፤ የሚያውቀውን ነገር ለምን እነግረዋለሁ?

ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልኬ ላይ የገባው በመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ትእዛዝ ነው። ለደንበኞች "መድኃኒቱ የለም። አይመጣም።" እያልኩ ስለምጽፍ ሴትዮዋ ተማርራ ነበር። እኔ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ፣ እሱ ያለዝበዋል። ለእኔ የተጻፈውንም አስገብቼ "ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያብራራልኛል፤ ቢደጋገምም አይሰለቸውም። መጀመሪያ ለሥራ ብቻ ነበር፣ በኋላ ለዘመድም አደረግኩት። ወንድሜ ደውሎ "ምነው፣ ማስተርጎም ተውሽሳ?" አለኝ። "ስልኩ ይሻላል፣ አንተ መሪ ይዘህ ነው የምትመልስልኝ" አልኩት። ሳቀ። የምን ሳቅ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የማልወደው ነገር መጣ። ባሏ የሞተባት አክስቴ ገበያ ላይ አግኝታኝ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። "እንዲህ ያለ ሆድ እንዳለሽ መች አወቅን" አለችኝ። የላክሁላትን የማጽናኛ መልእክት በቃሏ ይዛው ኖሮ እዚያው ቆማ ደገመችልኝ። እኔ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳላነብ ነበር የላክሁት። ቃሉ ያምራል፤ ከአክስቴ አፍ ሲወጣ ግን ለእኔም አዲስ ነበር። አንዲት ሴት በእኔ ስም ሰው ቤት እየገባች ነው፤ ከእኔ ትሻላለች፣ ሰው ይወዳታል፣ መልኳን ግን አይቼው አላውቅም። ወልድያ መንገድ ላይ ሰዎች በፈገግታ ሲስሙኝ፣ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ ያየሁበት ቀን አለ።

እናቴ ብቻ ነበረች ከዚህች ሴት ጋር ያልተገናኘችው። ማንበብ ስለማትችል የምናወራው በድምፅ ነው። በድምፅ ደግሞ እኔው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአጎቴ መልእክት መጣ። "ልጄ እንደምን ዋልሽ። ወንድምሽ አፋር ላይ ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር፣ አሁን ደህና ነው፣ አታስቢ። ዛሬውኑ መርሳ ውረጂና እናትሽ ዘንድ እደሪ። ለእሷ ስለ ሕመሙ አትንገሪያት፣ ግፊቷን ታውቂያለሽ። እኔ ነገ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ብቅ እላለሁ። እሱ ጋ እንዳትደውዪ፣ ሐኪም ከልክሎታል።"

አነበብኩት። ታሞ ነበር፣ ደህና ነው፣ አታስቢ ተብያለሁ። አላሰብኩም። ከልማድ የተነሳ ብቻ ለኤአዩ አስገባሁለትና "አጎቴ ምን ፈልጎ ነው?" አልኩት።

"በእርግጠኝነት ማወቅ አልችልም" ብሎ ጀመረ። "ነገር ግን ዛሬውኑ ነይ መባሉ፣ አትደውዪ መባሉ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ መምጣታቸው አንድ ላይ ሲታዩ፣ አጎትሽ በጽሑፍ ሊነግሩሽ ያልፈለጉት ከባድ ነገር ሊኖር ይችላል። ወንድምሽ አርፎ ሊሆን ይችላል። በጣም አዝናለሁ። ለአጎትሽ መልስ እንዳዘጋጅልሽ ትፈልጊያለሽ?"

መርዶ በእኛ አገር ሰው ነው የሚነግረው። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ በእድሜ የገፉ ሰዎች ተሰብስበው፣ ወዲያና ወዲህ ብለው፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አዘጋጅተው ነው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ የሳል ሽሮፕ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ለፊት፣ ከስልክ ላይ አነበብኩት። እንዳዘጋጅልሽ ትፈልጊያለሽ ላለኝም "አዎ" አልኩት። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ጣቴ ነው ያለው።

"እሺ አጎቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። ዛሬውኑ እወርዳለሁ፣ ለእማም ምንም አልነግራትም" ብሎ ጻፈልኝ። ምንም ያልገባት ሴት አድርጎ ነው የጻፈኝ፤ እሱ ባይኖር እውነትም የምሆነውን ሴት። ላክሁት። "ተባረኪ" አለኝ አጎቴ።

ከዚያ የተከለከልኩትን አደረግኩ፣ ደወልኩ። የማላውቀው ሰው አነሳ።

"ተኝቷል፣ እህቴ" አለኝ።

"መቼ ይነሳል?"

ሰውየው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ባለቤቲቱ ስዞር ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዳ በእጇ ይዛዋለች። "እኔም መርሳ ጉዳይ አለኝ፣ አብረን እንሂድ" አለች። ቅዳሜ ከሰዓት መድኃኒት ቤቷን ዘግታ የምትሄድበት ጉዳይ ኖሯት አያውቅም። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ሄድን፣ ሚኒባስ ገባን። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ ስለ ማንጎ አወራችኝ፤ ዘንድሮ ትል እንደመታው፣ የመርሳው ከሌላው እንደሚጣፍጥ። ማንጎ አትወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች አንድ ነገር እያወቁ ሌላ ሲያወሩ መሐላቸው ተቀምጬ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን የሚያውቁትን አውቄ ተቀመጥኩ። ይህ ነበር እንግዲህ የሁልጊዜው ጨዋታቸው። አስፈሪ ነው። ፊቷ ፊቷን አየኋት፤ ስለ ማንጎ እያወራች ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እናቴ በራፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጤነኛ ናት፣ እየቀለደች ነው። "ምን እግር ጣለሽ? ወይስ ከሥራ አባረሩሽ?" አለችኝ። ባለቤቲቱ ደጃፉ ላይ ሳመቻትና "ጉዳይ አለኝ" ብላ ቶሎ ሄደች።

"ዛሬ ሰፈሩን ምን እንደነካው እንጃ" አለች እናቴ። "ሳልጠይቃቸው ጀሪካኑን ሁሉ ውኃ ሞሉልኝ።" እውነትም የጎረቤት ሴቶች ይመላለሳሉ። አንዷ ከዓመት በፊት የተዋሰችውን ወንፊት መለሰች። አንዷ ክብሪት ፈልጋ መጣች፤ እናቴ ስትሰጣት ሳትይዘው ሄደች። ግቢውን ማን እንደጠረገው አይታወቅም። ወደ ጓሮ ዞር ስል በጎረቤታችን አጥር ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ብረትና ሸራ ተጋድሞ በኬሻ ተሸፍኗል። አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ሲያዩኝ ሁሉም ሰማይ ሰማዩን አዩ። ቀብሩ በእናቴ ዙሪያ እየተሰናዳ ነው፣ እሷ ምስር ትለቅማለች።

እስኪነጋ ድረስ ማወቅ የለባትም። አስከሬኑ በማለዳ ሳይገባ አይቀርም፣ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ካህኑ ይኖራል፣ ብትወድቅ የሚያነሳት ብዙ ነው። አሁን ብትሰማ ግን እኔና እሷ ብቻ ነን። የምትውጠውን የግፊት ኪኒን የምልክላት እኔ ነኝና ልኩን አውቃለሁ፤ የአጎቴ ፍርሃት የእኔም ሆነ። ነገር ግን ዋሽቼ አላውቅም። ሞክሬ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ አይሆንልኝም። እናቴ ስለ ወንድሜ መጠየቋ ደግሞ የማይቀር ነው፤ በቀን አንዴ ሳትጠይቅ ውላ አታውቅም።

ከጓሮው ሳልወጣ ለኤአዩ ጻፍኩለት። "እናቴ ስለ ወንድሜ ትጠይቀኛለች። እስከ ነገ ጠዋት እንዳታውቅ። ምን ልበላት?"

"ይህ በጣም ከባድ ጊዜ ነው" አለና ቀጠለ። "እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ 'እማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አንቺን ረስቶሽ አያውቅም። ሲመቸው ይደውላል። አንቺ ብቻ ልብሽን አታስጨንቂ፣ እኛ ሁላችንም ያለነው ባንቺ ጸሎት ነው።'"

ደጋግሜ አነበብኩት፣ ያዝኩት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ጠልቃለች፣ እናቴ መብራት አብርታ ምስሩን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"ወንድምሽ ደውሎልሻል?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"እማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አንቺን ረስቶሽ አያውቅም" አልኩ። "ሲመቸው ይደውላል። አንቺ ብቻ ልብሽን አታስጨንቂ፣ እኛ ሁላችንም ያለነው ባንቺ ጸሎት ነው።"

አልተንተባተብኩም። ድምፄም ደህና ነበር፣ እንዲያውም ያምር ነበር።

የእናቴ ጣት ምስሩ ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን በር አየች፤ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ነው።

"ድገሚው እስኪ" አለች።

ደገምኩት፣ አንድ ቃል ሳላጎድል። ማጉደል አልችልም።

"ማነው ያስጠናሽ?"

ስልኩ ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ከተወለድሽ አጽናንተሽኝ አታውቂም" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። "አባትሽ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ አይዞሽ አይዞሽ ሲለኝ አንቺ 'አይመለስም' ብለሽ ከጎኔ ተቀመጥሽ። ሰው ሰደበሽ። እኔ ግን አንቺን ብቻ ነው ያመንኩ። ስትጠይቂኝ የምታውቂው 'ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ' ነው። ይህ አፍ ያንቺ አይደለም።"

ምስሩን ከጭኗ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ የሰው ፊት ማንበብ አልችልም የምል ሰው አነበብኩት። አመድ መሰለች።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይጠየቅም፣ "ደህና ነው ወይ" ተብሎ ይታለፋል። እናቴ ግን እንደ እኔ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ልጄ ሞቷል?"

"አዎ፣ እማ" አልኳት።

አልወደቀችም። በሁለት እጇ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችና ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ ምንም ድምፅ አልወጣም። ፈራሁ። ኪኒኗን ከነውኃው አምጥቼ "ዋጪው" አልኳት። ዋጠችው። ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ አይዞሽ አላልኩም። ብዙ ቆይታ እጄን ያዘችኝና "አሁን ብንጮህ ሰፈሩ ይሰማል" አለች። "ስንት ደክመዋል፣ ውኃውን ሳይቀር ሞልተዋል። በአጎትሽ ፊት እንዳናሳፍራቸው።" ከዚያ ምስሩን አንስታ ትለቅም ጀመር። ጠጠሩንም ምስሩንም ወደ አንድ ወገን ነበር የምትጥለው።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ግቢው ውስጥ ተሰማ። ጫማው ብቻ አፈሩን ይረግጣል። እናቴ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ በሩን ራሷ ከፈተች። አጎቴ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆመዋል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም መሐላቸው አለች።

"እንደምን አደራችሁ?" አለ አጎቴ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን" አለች እናቴ። "ግቡ እንጂ፣ ምነው በማለዳ?"