በባዶ ሆድ የምትዋጠው ክኒን

ያሰሩኝ ከመሥሪያ ቤት ወስደው ነው። ደርግ በነበረበት ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ከተማው ውስጥ የተበተነው ወረቀት በኔ የጽሕፈት መኪና ተጽፏል አሉ። የተጻፈው በሌላ መኪና ነበር። ይህን ብናገርም የሰማኝ የለም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው የገብስ አቧራ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት የትንፋሻችን እርጥበት ከቆርቆሮው ጣራ ላይ ይንጠባጠብብናል። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ከየቤታችን የሚመጣውን ምግብ ደባልቀን እንበላለን፤ የኔ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከመድኃኒቴ በቀር። ከመታሰሬ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ሲያወጡልኝ አንገት ውስጥ ያለው እጢ አብሮ ወጥቷል። እጢው ያመነጨው የነበረውን ንጥረ ነገር የሚተካ ክኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኬን እንድውጥ ታዝዞልኛል። ከምስር ፍሬ የምታንስ ክኒን ናት። የምትዋጠው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከምግብ ጋር ከሆነ ሰውነት በቅጡ አይቀበላትም።

ከቤት የተላከልኝን የክኒን ጠርሙስ በር ላይ የወሰደብኝ ዘበኛ ጠና ያለ ሰው ነበር። በየቀኑ አንድ አንድ ይሰጠኛል፤ የሚሰጠኝ ግን ምሳ ከበላሁ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሳልበላ ቢሰጡኝ» ብዬ ለመንኩት።

«መድኃኒት በባዶ ሆድ? አንጀትሽን በጣጥሶት ልትሞችብኝ ነው? ተይ እንጂ፣ እኔም የወለድኳቸው አሉኝ!»

ክፉ ሰው አልነበረም። መድኃኒት ሁሉ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ ነው የሚያውቀው። ወር ሳይሞላ ድምፄ ጎረነነ፤ ፊቴ አበጠ፤ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ቢደርቡልኝም ይበርደኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ዘበኛው ለብቻዬ ወደ በሩ ጠራኝ። ጠርሙሱን ይዟል።

«ይቺ እንቅርት ታጠፋለች አሉ። ባለቤቴ ከጋፋት ማዶ ናት፤ አንገቷ ላይ አላት። ግማሹን ስጪኝና ከዚያ ወዲያ ባሻሽ ሰዓት እሰጥሻለሁ።»

ጠርሙሱ በእጁ ነው። እንቆቅልሽ ሆነብኝ።

«ሳይጠይቁኝ መውሰድ ይችሉ የለ?»

«አወሳሰዱን የምታውቂ አንቺ። በሷ ቀልድ የለም።»

«ብርድ ያስቸግራታል?» አልኩት።

«ብርድ? በዚህ በጉና ውርጭ ጋቢዋን ጥላ ነው የምትቀመጥ። ስትበላ ውላ ትከሳለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ልቧማ ሲመታ ከውጭ ይታያል።»

ሆስፒታል ሳለሁ ከጎኔ የተኛችው ሴት ልክ እንዲህ ነበረች። እጢዋ ከልክ በላይ እንደሚሠራ ሐኪሙ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

«እንዳይሰጧት፣ ጋሼ። እኔ የጎደለኝ ነኝ፤ እሷ የበዛባት ትመስላለች። በዚያ ላይ ከጨመሩባት ልቧ አይችለውም። ሐኪም ይያት።»

«እንዲህ ነሽና! ዘጠኝ ሆናችሁ ከአንድ ትሪ ስትበሉ አይቼ ደግ መስለሽኝ። ስስታም!»

በሩን ዘጋው። ሦስት ቀን ክኒን አልመጣም።

«የገዛ ሚስቱ ናት፤ አንቺን ምን አገባሽ? ሰጥተሽው በተገላገልሽ» አሉኝ ሴቶቹ።

በአራተኛው ቀን ቁርስ ሳይገባ መጣ። በአንድ እጁ የውኃ ጣሳ ይዟል፤ በሌላው መዳፉ ላይ አራት ክኒኖች አሉ።

«ሐኪም አያት። እንዳልሽው የበዛባት ይመስላል፣ ጎንደር ሆስፒታል ትሂድ አሏት» አለ። መዳፉን አስጠጋልኝ። «የቀረብሽንም ጨምሬያለሁ። ዋጪው።»

አራቱንም ለማፈስ እጄ ተዘርግቶ ነበር። አንዷን አነሳሁና ጣቶቹን በሦስቱ ላይ አጠፍኩለት።

«ያለፈው አለፈ። ባንዴ ከበዛ ለኔም ልብ አይሆንም፤ የዛሬዋ ትበቃኛለች።»

ሦስቱን አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ መለሳቸው። ከዚያ እህቴ ያመጣችውን አገልግል በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ማንም እንዳይነካው አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቆመ።

«እኛስ ምን በደልን?» እያሉ ሴቶቹ ይስቁ ነበር።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ሐኪሙ ደሜን እያስመረመረ መጠኗን ያስተካክልልኛል እንጂ ክኒኗን አላቋረጥኩም። የዘበኛውን ሚስት አይቻት አላውቅም፤ ስሟንም አልጠየቅሁም። በገበያ ቀን በጋፋት በኩል የሚመጡ ሴቶች በደጄ ያልፋሉ። እኩያዬ የምትሆን ካየሁ ዓይኔ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ነጠላዋን ስታስተካክል እንደኔ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይታይ እንደሆነ ቆሜ እጠብቃለሁ።