የፕሮቲኑ ስእለት

አባቴ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ነበር። በአንድ የሐበሻ ገበያ ጓሮ ባለች ጠባብ ሥጋ ቤት ቆሞ፣ ሻኛ ላለው ሻኛ፣ ጎድን ላለው ጎድን እየሰጠ እኔንና እናቴን አኖረን። የበሽታውን የመጀመሪያ ምልክት ያየነውም እዚያው ነው። ሽንጥ ላዘዘ ደንበኛ ጎድን ሰጠው፤ ሰውየው ሲመልስለት ደግሞ ገና እንደገባ ሰው "ምን ልስጥህ?" ብሎ ጠየቀው። ደንበኞቹ ጨዋታ መሰላቸው። አባቴ ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ለብዙ ወራት ሳቁለት።

ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። እኔ ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ጥርስ ሐኪም ቤት እሠራ ነበር። እዚያው አቅራቢያ ያለ የምርምር ማዕከል ለዚህ የመርሳት በሽታ አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሰዎች እንደሚፈልግ ሰማሁና አባቴን አስመዘገብኩት። መረመሩት፣ ጭንቅላቱን ስካን አነሱት። ከዚያ ዶክተሯ ሦስታችንን አስቀምጣ ምስሉን አሳየችን። ቀይ የበዛበት ምስል ነው።

"ቀዩ አንጎሉ ውስጥ የተከማቸ ፕሮቲን ነው" አለች። "መድኃኒቱ የተሠራው ይህን ጠርጎ እንዲያወጣ ነው።"

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ምስሉን አየች፣ ቀጥላ አባቴን አየች።

"ፕሮቲን?" አለች። "ታዲያ ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሲያጠራቅም የኖረው ምን መሰለሽ!"

ዶክተሯ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። አመሰገነችሽ አልኳት።

እናቴ አንድም ጾም አያልፋትም። አባቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን የሚያውቀው ገበያ ሲቀዘቅዝበት ነው። ለዓመታት ስትጨቀጭቀው የኖረችውን አሁን ዶክተሯ በማሽን ያረጋገጠችላት መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤታችን ፋሲካ ጠፋ። መጀመሪያ ሥጋ ቀረ፤ ቀጥሎ እንቁላልና ወተት። ምስርና ሽሮም ፕሮቲን እንዳላቸው ከሬዲዮ ስትሰማ እነሱም ተከተሉ። የቀረው ጎመንና ድንች ነው። አባቴ የቀረበለትን ዝም ብሎ ይበላል። ያ ሁሉ ሥጋ በእጁ ያለፈ ሰው በድንች ቅር እንኳ አላለውም፤ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ቢቆጣ ደስ ባለኝ።

መድኃኒቱ በየወሩ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ይሁን ባዶ ውኃ፣ ለእኛም ለሚሰጡትም አይነገርም፤ የምርምሩ ደንብ እንዲህ ነው። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ወርጄ አመጣዋለሁ፣ መልሼ አደርሰዋለሁ፤ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ለትራፊኩ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። አንድ ቀን ነርሷ መዘነችውና ወደ ጎን ጠራችኝ። ክብደቱ በዚሁ ከቀነሰ ከጥናቱ ያስወጡታል አለችኝ።

በዚያው ንዴቴ ኩሽና ገብቼ እናቴ ላይ ጮህኩ።

"እማዬ፣ ይሄኛው ፕሮቲን ከምግብ የሚመጣ አይደለም! ጭንቅላቱ ራሱ ነው የሚሠራው። አንቺም አለሽ፣ እኔም አለኝ። የኛ እየተጠረገ ይወጣል፤ የሱ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አልወጣ አለ። ሥጋ በላ አልበላ ለውጥ የለውም። ከስተዲው ድሮፕ ሊያደርጉት ነው፣ ገባሽ?"

ድንች መላጧን አላቆመችም።

"የኛ ሲወጣ የሱ ለምን እምቢ አለ?"

"አይታወቅም።"

"እነሱም አያውቁም?"

"ገና እየፈለጉ ነው።"

"ታዲያ እኔ እስኪያገኙ ምን ላድርግለት?"

ይህን ስትል ንዴቴ በአንዴ ወረደ። ለካ ሴትየዋ ያቃታት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። ነርሷ መርፌ አላት፣ ዶክተሯ ማሽን አላት፣ እኔ እንኳ መኪና አለኝ። እሷ ያላት ድስቷ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ቀማኋት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ተረጋግቷል።

"ተስያለሁ" አለችኝ። "እሱ ይብላ፤ ሥጋም እንቁላልም ይብላ። ያ ፕሮቲን ከጭንቅላቱ እስኪወጣ ሥጋ የማልቀምሰው እኔ ነኝ።"

"ታቦቱ ፊት ቆመሽ ፕሮቲን አልሽ?"

"ስሙን ጠርቼ ነዋ! ሳይጠሩ ይሰጣል እንዴ?"

ሳቅኩ። እሷ ግን ቃሏን ጠበቀች። ሠርግ ተጠርታ ጎመን በልታ ተመለሰች። ለፋሲካ ዶሮውን ሠርታ ጨዉን እኔ ቀመስኩላት። አባቴ ክብደቱ ተመለሰ፤ እሱ ራሱ ግን በየወሩ ራቀን። ስሜን ረሳ። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ረሳ። አንዳንድ ቀን ቤቱን የሰው ቤት እያደረገው ጫማውን ይፈልጋል፤ አምሽቻለሁ፣ ልሂድ ይላል። እናቴ ጫማውን ትደብቃለች። "ግድ የለም፣ መውጣቱ አይቀርም" ትለኛለች። ፕሮቲኑን ማለቷ ነው።

ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ተዘጋ። ዶክተሯ ጠራችንና ለአባቴ ሲሰጥ የነበረው እውነተኛው መድኃኒት እንደነበር ነገረችን። ሁለት ምስል ጎን ለጎን አሳየችን። አንደኛው ያ የድሮው ነው። በሁለተኛው ላይ ቀዩ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

"መድኃኒቱ የተባለውን አድርጓል፤ ፕሮቲኑን አውጥቶታል" አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ "ግን መድኃኒቱን ያገኙትም ያላገኙትም እኩል ነው የደከሙት። በጣም አዝናለሁ።"

ሁለቱንም በየተራ ልተረጉም ጀመርኩ። እናቴ ግን ሁለተኛውን ለመስማት አልቆየችም፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

ስእለቷ ሰምሯል። የተሳለችው ፕሮቲኑ እንዲወጣ ነው፤ ወጣ። ልፈርድባት አልቻልኩም። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎችም የለመኑት ያንኑ ነበር፤ እሱ ከወጣ ሰውየው ይመለሳል ብለው።

ስንመለስ አባቴ ይሠራበት ከነበረው ሥጋ ቤት ጎድን ገዛች። ቤት ገብታ ቆረጠችው፤ አዋዜውን አቀረበች፤ ትሪውን መሐላችን አስቀመጠች። አባቴ በደህና ዘመኑ አጉርሷት በቃኝ ስትለው፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያለ ሁለተኛውን በግድ የሚያጎርሳት ሰው ነበር። አሁን እሷ፣ ገና ራሷ ሳትቀምስ፣ ጠቅልላ አጎረሰችው።

ቀስ ብሎ አኘከ። ውጦ ሲጨርስ፣ በዚያ ለደንበኛ በሚያሳየው ደግ ፊቱ አያት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት" አላት። "ባለቤትዎ የታደሉ ሰው ናቸው።"

የእናቴ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። ዶክተሯ ክፍል ጥላው የወጣችው ሁለተኛው ወሬ ያኔ ደረሳት። እኔ መደበቅ አልቻልኩም፣ እዚያው አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እንጀራዋን ቆረሰች፣ ከጎድኑ ደህናውን መርጣ ጠቀለለች።

"ይብሉ እንጂ፣ ቤት ያፈራው ነው" አለችው። "ምን በሉና! አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል።"